በወገብ ላይ የተነጠበው ቀለም፤ ከደብረ ብርሃን እስከ ዱብሉቅ

ዱብሉቅ የት ነው፣ ምን አየህ እያሉ ለሚጠይቁኝ የሠፈሬ ሰዎች ሁሉ በየመንገዱ ቆሜ ማውራት ወገቤን ስለ ጎዳው ተቀምጬ ልጽፈው ቆረጥሁ። አብዛኛው አንባቢ ወደዚያ አገር እንደማይሄድ አውቃለሁ። ስለዚህ ያየሁትን ሳልጨምር አስቀምጣለሁ። ያላወቅሁትን እንዳወቅሁ አድርጌ የተናገርሁበት አንድ ቀን አለ፤ እሱንም አልዘለውም።

ለጉዞው ምክንያት የሆነችው ልጄ ብርቅነሽ ናት። ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ሆና ነገሌ ቦረና ከተመደበች ሁለት ዓመቷ ነው። ከገና በፊት እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ፦ «አባባ፣ አሁን የምሠራው ከአንድ ሐኪም ጋር ነው። የወገብ፣ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም ከምን እንደሚመጣ፣ ሳይመጣም እንዴት እንደሚከለከል እናጠናለን። ለዚህ ዱብሉቅ እየወረድን ከጉድጓድ ውሃ የሚያወጡትን ሰዎች ወገብ እንለካለን።»

ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ባነበብሁት ቁጥር ነገሩ አልጥም አለኝ። ሐኪም የታመመ ያክማል እንጂ ወገብ የሚለካው ልብስ ሰፊ አይደለም? ያላገባ ሰው ያላገባች ልጅ ይዞ ቆላ ለቆላ የሚዞረው ስለ ወገብ ብሎ ነው? እኔ አናጢ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የተማርሁት ሚስማር ከተጠቀለለበት አሮጌ ጋዜጣ ነው። እንዲህ ተምሮ ያደገ ሰው የተጻፈውን ሁሉ አያምንም። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ልጄን ከዚያ ሥራ አስወጥቼ ይዣት ልመለስ ተነሣሁ።

የራሴም ወገብ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያመኝ ለማንም አልነገርሁም ነበር። የቤት አባት «ወገቤን» ማለት ከጀመረ ቤቱ ይፈታል ብዬ አምን ነበር።

ሰኞ ማለዳ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ከዚያ ሌላ ይዤ ሲመሽ ሻሸመኔ አደርሁ። ያደርሁበት ቤት አልጋ መካከሉ እንደ ገበቴ የጎደጎደ ነበር። ጥቂት ተኛሁበትና መነሣት ሲያቅተኝ ተንከባልዬ ወርጄ መሬት ላይ ተኛሁ። ጠዋት የቤቱ ባለቤት፣ ወፍራም ሣቂ ሴት፣ በሩን ከፍታ ስታየኝ «ውይ አባቴ! አልጋው ነከሰዎት እንዴ?» አለችኝ። እኔ አልሣቅሁም። ከረጢቴን ፈትሼ ምንም እንዳልጎደለ ካየሁ በኋላ ግን አፈርሁ፤ ሴትዮዋ ለካ በሩን የከፈተችው ብርድ እንዳይመታኝ ብላ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ልትደርብብኝ ነው።

ማክሰኞ ጨው በጫነ የጭነት መኪና ላይ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ ተጓዝሁ። እስከ ክብረ መንግሥት ያለው አገር ደን ነው። በእኛ አገር ዛፍ ቢባል ባሕር ዛፍ ነው፤ እዚያ ግን አናጢ ሆኜ ስማቸውን የማላውቃቸው ግንዶች መንገዱን አጨልመውታል። አንድ ጎማ ተነፈሰና ወረድን። ሾፌሩ ከጎማው ቀና ብሎ አየኝ።

«አባባ፣ ወገብዎን ይዘዋል።»

«ቀበቶዬን ነው» አልሁት።

«ቀበቶዎ በስተኋላ ነው የሚታሰረው?»

ፊቴን ወደ ደኑ አዞርሁ። እሱ ግን ከዚያ በኋላ መቀመጫዬ ላይ ባዶ ጆንያ አጥፎ አነጠፈልኝ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነገሌ ደረስሁ። ደጋው አልቆ ሜዳው ይገለጣል፤ ግራሩ አጭር፣ አፈሩ ቀይ ነው። በዚህ ሰዓት ደብረ ብርሃን ሰው ጋቢውን ይደርባል፤ እዚያ ግን ግመሎች እንኳ ጥላ ይፈልጋሉ። ገበያው ላይ አንዱ ሰው አንዱን ወሬ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮሞኛ ይጨርሰዋል። ስለ እኔ የሚያወሩ መስሎኝ ደጋግሜ ዞር እያልሁ አየሁ። ስለ በሬ ነበር የሚያወሩት።

ብርቅነሽ ጉልበቴን ስማ ተቀበለችኝ። ከስታለች፤ ፊቷም ጠቁሯል። ሐኪሙ ዶክተር ሰሎሞን ይባላል፤ መነጽር ያደረገ፣ ከእጁ እርሳስ የማይለይ ወጣት ነው። ከወንበሩ ተነሥቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሰላም አለኝ። እንዲህ ትሑት የሆነ የተማረ ሰው አይቼ ስለማላውቅ የበለጠ ጠረጠርሁት።

«ወገብዎን ያምዎታል፣ አባቴ?» አለኝ ገና ተቀምጬ ሳልደላደል።

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። ሲቀመጡ አየሁዎት።»

«እኔ ደግሞ ሰው ሲቀመጥ የሚያይ ሰው አልወድም» አልሁት። ልጄ መሬት መሬት አየች።

ሐሙስ ነገሌ ዋልን። ልጄን ለብቻዋ አስቀምጬ «ዕቃሽን ሰብስቢ፣ እንሄዳለን» አልኋት። እሷም «አባባ፣ ስምንት ወር የደከምሁበት ሥራ ነው። አንድ ጊዜ አብረውን ወርደው ይዩት፤ አይተው እምቢ ካሉ እመለሳለሁ» አለችኝ። ቃሏን ያዝሁት። ለማየት ሳይሆን ጥፋት ለመፈለግ ተስማማሁ።

ዓርብ በላንድሮቨር ወረድን። ዳዋ ወንዝ በበጋ ውሃው ጥቂት፣ አሸዋው ብዙ ነው፤ መኪናችን እስከ ሆዱ ሰመጠ። እኔ ልገፋ ስጠጋ ብርቅነሽ ክንዴን ያዘች። «እርስዎ ድንጋይ ያቀብሉ። ሲያነሡም ጎንበስ አይበሉ፤ ቁጢጥ ይበሉና ከሰውነትዎ አስጠግተው ይነሡ።» ሕፃን ሳለች መጋዝ አያያዝ ያስተማርኋት ልጅ ድንጋይ አነሣሥ ስታስተምረኝ ተቆጣሁና ጎንበስ ብዬ አነሣሁ። ያ ድንጋይ እስከ አሬሮ ድረስ ወገቤ ውስጥ ነበር። አሬሮ ያሳደሩን የመንዝ ሰው የሆኑ አስተማሪ ናቸው። የአገሬን ቋንቋ ዜማ ሰምተው እንባ አቀረሩ፤ የጾም ሽሮ አቀረቡልን፤ ለእኔም ጨርቅ በሞቀ ውሃ አስነክረው ሰጡኝ። ጠይቄ አልነበረም።

ቅዳሜ ዱብሉቅ ገባን። ከተማ ቢሉት መንገዱን ተከትሎ የተደረደረ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ያለ ጉድጓዶቹ ማንም አያውቀውም ነበር። ያረፍነው ሱቅ ባላቸው በሐጂ አደም ቤት ነው። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፦ ልጄ ሁልጊዜ የምታድረው ከሐጂ ባለቤትና ከሁለት ሴቶች ልጆቻቸው ጋር ነው፤ ሐኪሙ የሚያድረው በከተማው ማዶ በተከለው ድንኳን ነው። ይህን በደብዳቤዋ አልጻፈችውም ነበርና ባዶውን ቦታ በክፉ ሞልቼው ነበር።

ሐጂ በእስላም ቤት የታረደ ሥጋ እንደማልበላ ያውቃሉ። ሳልናገር ዕንቁላልና ማር አስቀረቡልኝ። «ሥጋ ካማረዎት» አሉኝ፣ «ክርስቲያኑ ፖሊስ ጌታቸው ነገ በግ ያርዳል፤ ነግሬዋለሁ፣ ይጠብቅዎታል።» ለአልጋዬም የሱቅ መደርደሪያ ጣውላ አውጥተው ከፍራሹ ሥር አስገቡ። «ማን ነገረዎት?» ልላቸው ፈለግሁና ተውሁት፤ ያን ጥያቄ ሐኪሙንም ጠይቄው ነበር።

እሑድ ሥራ መሥራታቸውን አልወደድሁም። ብርቅነሽ «ከብቱ እሑድን አያውቅም፣ ተራው ዛሬ ነው» አለችኝ። ጉድጓዱን ሳይ ግን እሑድን ረሳሁት። በእኛ አገር ጉድጓድ ማለት አንዲት ሴት በገመድ የምትቀዳበት ነው። ይህ ግን ዐለት ተፈልፍሎ የተቆፈረ ገደል ነው። ከታች ከውሃው አንሥቶ እስከ ላይ ሰዎች በየዕርከኑ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ኦኮሌ የሚሉትን የቆዳ ባልዲ ይቀባበላሉ፤ ሙሉው ወደ ላይ ይበራል፣ ባዶው ወደ ታች ይወርዳል። ሲያቀብሉ ይዘፍናሉ፤ ዘፈኑ ከቆመ ባልዲው ይስታል። አንድ ሰው ከጎደለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ ከብቱም በየሦስት ቀኑ ብቻ ስለሚጠጣ ተራው ያለፈበት ሰው ከብቱ ያልቅበታል። ተራውን የሚጠብቁት አባ ሄሬጋ ይባላሉ፤ የዚህ ጉድጓድ አባ ሄሬጋ ጃርሶ የሚባሉ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው።

ሥራው ሲያበቃ ሰዎቹ ሸሚዝ አውልቀው ቆሙ። ሐኪሙ በወገባቸው ላይ የወይን ጠጅ መልክ ባለው የቁስል መድኃኒት አንድ ነጥብ ከታች፣ አንድ ከላይ ነጠበ። ልጄ የነጥቦቹን መካከል በሜትር ለካች፤ ጎንበስ በሉ አለቻቸው፤ እንደገና ለካችና ጻፈች። ምን እንደምታደርግ በኦሮሞኛ ስትነግራቸው ሰማሁ፤ እኔ ግን ቋንቋውን አላውቅም፤ እሷንም አልጠየቅኋትም። መጠየቅ እንደ መሸነፍ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ልጄና ሐኪሙ የሴቶቹን ወገብ ሊለኩ ወደ ሠፈር ሄዱ። ጃርሶ መጥተው ከግራሩ ሥር አጠገቤ ተቀመጡ። «አካም? ናጋ?» አሉኝ፤ ደኅና መሆኔን ነገርኋቸው።

«አንተ አባት ነህ» አሉኝ ኋላ፣ በተሰባበረ አማርኛቸው። «ልጅቱ ወገብ ስንት እንደሚታጠፍ ነው አለች። ልጅ ናት። አንተ ሽማግሌ ንገረን። ይህ ቀለም ለምንድነው?»

«አላውቅም» ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። ነገር ግን ሽማግሌው በአክብሮት ዓይን እያዩኝ ነበር፤ እኔም በሕይወቴ ሁሉ ባልተማረ አፌ አላውቅም ማለትን እጠላ ነበር።

«አናጢ ሳያሰምር አይቆርጥም» አልኋቸው። «ምልክት የሚደረገው ሥራ የሚሠራበት ቦታ ላይ ነው። ሕመሙ ያለው እዚያ ነው ማለት ነው።»

ጃርሶ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ገባኝ» አሉ። እኔም ራሴን እንደ ጠቢብ ቆጥሬ ወደ ሐጂ ቤት ተመለስሁ።

በዚያ አገር ወገቡን የታመመ ሰው በጋለ ብረት ይተኮሳል። ከብቱም እንዲሁ። ችግሩ ሁልጊዜ የት ላይ እንደሚተኮስ ማወቅ ነው፤ አዋቂ የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ያን ዕለት ማታ አዋቂ አላስፈለገም። ቦታው በቀለም ተነጥቦ ነበራ።

ሰኞ ጠዋት አራት ሰዎች መጡ። ሁሉም በሁለቱ ነጥብ ላይ ተቃጥለዋል። ሦስቱ ደኅና ናቸው፤ አራተኛው ጉዮ የሚባለው፣ ከጉድጓዱ ታች የሚቆመው ብርቱ ሰው፣ ትኩሳት ይዞታል፤ ቁስሉም ለጀርባ አጥንቱ ቅርብ ነው። ሐኪሙ ቁስሉን አጠበለት።

«ሕመሙስ?» አለው ልጄን አስተርጓሚ አድርጎ።

ጉዮ ጥርሱን ነክሶ ሣቀ። ልጄ ሳትሥቅ ተረጎመችው፦ «የወገቤ ሕመም ጠፍቷል፤ አሁን እሳቱ ስለሚበልጥ የት እንደገባ አላገኘሁትም ይላል።»

ሐኪሙ ፔኒሲሊን ወጋው። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረ። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር።

«ብርቅነሽ፣ እኔ ኦሮሞኛ አላውቅም፤ የማስረዳቱ ሥራ የአንቺ ነው። ሰው ገላ ላይ ምልክት አድርገን ትርጉሙን ካላስረዳን እኛ ነን ያቃጠልነው። ይህን ሥራ ከአንቺ ጋር ልቀጥል አልችልም። ከአባትሽ ጋር ተመለሺ።»

«ነግሬያቸዋለሁ፣ ዶክተር።»

«ታዲያ እንዴት ሆነ?»

«አላውቅም» አለች ልጄ። ይህችን ቃል ሳይከብዳት ስትናገር ሰማኋት።

የመጣሁበት ጉዳይ ያለ እኔ ድካም ተፈጸመ። ልጄ ከሥራው ወጣች። ዝም ካልሁ ነገ መኪና ላይ አጠገቤ ትቀመጣለች። ሐጂ ሱቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ይህን «ፈቃደ እግዚአብሔር» ብዬ ልጠራው ሞከርሁ። ሐጂ አደም ስኳር እየመዘኑ ሳያዩኝ ተናገሩ።

«ጃርሶ ጠዋት እዚህ ነበር።»

«ምን አለ?»

«‹የልጅቱ አባት ነገሩን› አለ። ‹ሥራ የሚሠራበት ቦታ ነው አሉን› አለ።»

«ለሐኪሙ ነገሩት?»

«እንግዳዬ ነዎት፤ የእንግዳዬን ነገር እኔ አላወጣም» አሉና ስኳሩን ጠቀለሉ። ከዚያ ሻይ ጨመሩልኝ። ሰድበውኝ ቢሆን ኖሮ እመልስላቸው ነበር፤ ሻዩን ግን ጠጣሁት።

ማክሰኞ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ስለ ተቃጠሉት ሰዎች ሊነጋገሩ ከግራሩ ሥር ተሰበሰቡ። በዚያው ዕለት ከሌላ መንደር የመጣ ከብት ተራ ነበረው፤ የጉዮ ቦታ ባዶ ስለሆነ ጥጆቹ ከሩቅ ይጮኻሉ። ሐኪሙ ተነሥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሥራውን ትቶ እንደሚሄድም ተናገረ። ልጄ እየተረጎመች ሳለ ድምፅዋ ተቆረጠ። ያን ጊዜ ተነሣሁ፤ አነሣሤም እንደ ሽማግሌ ሳይሆን ግራሩን ይዤ ነበር።

«ልጄ በትክክል ነግራችኋለች» አልሁ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጃርሶ ጠየቁኝ፤ ሳላውቅ እንዳወቅሁ ሆኜ መለስሁ። ቀለሙ ወገብ ስንት እንደሚታጠፍ ለመለካት ብቻ ነው። ትርጉሚው።»

ልጄ አልተረጎመችም። ታየኛለች።

«ትርጉሚው እንጂ!» አልኋት፤ ተረጎመችው።

ከዚያ ጃርሶ ተናገሩ፦ «ሽማግሌ አላውቅም ቢል ማን ይሥቅበታል?» ሌላው ሽማግሌ አንድ ነገር ጨመረና ሁሉም ሣቁ። ልጄ ልትተረጉመው አልፈለገችም፤ ስጠይቃት «‹ፍየል እንኳ ያላየችውን ሣር በላሁ አትልም› ነው ያሉት» አለችኝ። ይገባኛል።

ለጥፋቴ ምን እንደምክስ ጠየቅሁ። ጃርሶ ወደሚጮኹት ጥጆች አመለከቱ፤ ከላይ ያለው አንድ ሰው ወርዶ የጉዮን ቦታ ይያዝ፣ የእሱን የላይኛውን ዕርከን ደግሞ አንተ ያዝ አሉኝ። ቀላሉ ቦታ ነው፤ ባልዲውን ተቀብሎ ገንዳው ላይ መገልበጥ ነው። ሐኪሙ «ወገብዎ አይችልም» አለ። ልጄ ግን አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ወገብዎን አያዙሩ፤ እግርዎን ያዙሩ» አለችኝ። «ባልዲውን ወደ ሆድዎ ያስጠጉ። የማያማቸው ሰዎች የሚያደርጉትን ነው የምነግርዎ፤ ስምንት ወር ያየሁት ይህንን ነው።»

የመጀመሪያዎቹን እንደ ልማዴ አዞርኋቸውና ወገቤ ጮኸ። ከዚያ እሷ እንዳለችው እግሬን አዞርሁ። ዘፈኑን አላውቀውም፤ ግን እግሬ ከዘፈኑ ጋር ሲዞር ክብደቱ ቀለለ። ወገቤ ዳነ አልልም። ያን ጠዋት ግን አልባሰበትም፤ በደብረ ብርሃን ግማሽ ቀን ሙሉ መላጊያ ስይዝ እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም። ሐኪሙ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና የምሠራበት ጠረጴዛ ቁመቱ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርሁት። «ዝቅ ይላል፤ በአንድ ጫማ ያሳድጉት» አለኝ። «ያድነኛል?» ስለው «አላውቅም፤ ሞክረው ይጻፉልኝ» አለኝ። ከዚያ ቀን በፊት ሐኪም አላውቅም ሲለኝ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ሐሰተኛ ነው እለው ነበር። አሁንም ሁሉን ነገሩን አምኛለሁ ማለቴ አይደለም፤ ጠረጴዛውን ግን አሳድጌዋለሁ።

ሐኪሙ ሥራውን ላለመተው ወሰነ፤ ልጄንም መልሶ ሥራዋ ላይ አስቀመጣት። እኔም አይቼ እምቢ ማለት ስላልቻልሁ ቃሏን መለስሁላት።

ረቡዕ ወደ ሰሜን የሚሄድ የጭነት መኪና ሐጂ ሱቅ ፊት ቆሞ ጭነት ሲያስር ብርቅነሽ የጥናቱን ትልቅ ደብተር ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። «ይስሙ፣ ትክክል መሆኑን ይንገሩኝ» ብላ አነበበች፦ «ያልታሰበ ጉዳት፦ አራት ሰዎች ነጥቦቹ ላይ ተተኮሱ። ምክንያት፦ የመዝጋቢዋ አባት የነጥቡን ትርጉም ሳያውቁ እንደሚያውቁ ሆነው ስለ ተናገሩ።»

ደብተሩ አዲስ አበባ እንደሚሄድ፣ ሌሎች ሐኪሞችም እንደሚያነቡት አውቃለሁ። «‹አንድ መንገደኛ› ብትዪውስ?» አልኋት።

እርሳሷን አነሣች። «ልሰርዘው እችላለሁ፣ አባባ። መንገደኛ ነበር እንዴ የተናገረው?»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ልጄ እርሳሷን እንደያዘች ትጠብቃለች፤ ፊቷ ላይ ቁጣም ልመናም የለም።

«አይደለም» አልሁ።

«እንግዲያው ስምዎን ልጨምርበት?»

«ከነአያቴ ጻፊው» አልኋት። ጽፋ እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅሁና መኪናው ላይ ወጣሁ።